መዝገቡ ከሣጥኑ ሳይወጣ

(በማኅበራችን የግማሽ ዓመት ጉባኤ ላይ የሒሳብ ሠራተኛችን ያቀረበችው ንግግር)



አጀንዳው ሲነበብ «ቪፒኤን» የሚለው ቃል ላይ ከኋላ ወንበር ሳቅ ሰምቻለሁ። ሳቁ ገብቶኛል። ብዙዎቻችን ይህን ቃል የሰማነው በየካቲት 2015 ነው። ያኔ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ በየቤቱ «የትኛውን ቪፒኤን ነው የጫንሽው?» መባባል ሆነ። እስከ ሐምሌ ድረስ እንዲሁ ቆየን። ስለዚህ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ስለ ቪፒኤን ልትናገር ነው ሲባል፣ «ቲክቶክ ልታሳየን ነው እንዴ» ያለችው እህቴ አልተሳሳተችም። የዛሬው ጉዳይ ግን የእናንተ ቁጠባ ነው።

ባለፈው ጉባኤ ሒሳቡን አንዳንድ ቀን ከቤቴ ሆኜ እንድሠራ ፈቃድ ስጠይቅ፣ አንዲት እናታችን ተነሥተው «የማኅበር መዝገብ ከቢሮ አይወጣም። መዝገቡን ቤትሽ የምትወስጂ ከሆነማ ሣጥኑንም አብረሽ ውሰጂው» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ አጨብጭቤላቸዋለሁ፤ ምክንያቱም የተማርኩት ሙያ የሚለው ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው። መልስ ስላልነበረኝ ቁጭ አልኩ። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

አዲስ ለገባችሁ አባላት ነገሩን ከሣጥኑ ልጀምር። ማኅበሩ ሲቋቋም ባንክም ኮምፒውተርም አልነበረንም። አንድ የብረት ሣጥን ነበረን፤ ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው፣ ሣጥኑ ደግሞ በአራተኛዋ ቤት ይቀመጣል። ሦስቱ ካልተሰበሰቡ አይከፈትም። አንዷ ብትታመም እንኳ ቁልፏን ለልጇ ሰጥታ አትልክም፤ ስብሰባው ይቀራል እንጂ። ዛሬ ገንዘቡ ባንክ ነው፤ ማን ምን ያህል እንዳስቀመጠ፣ ማን ምን ያህል እንደተበደረ የሚናገረው መዝገብ ግን ቢሮ ባለችው አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የዛሬው ሣጥናችን ያች ኮምፒውተር ናት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ኅዳር ነው። ሰሊጡ ተሰብስቦ፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ሻይና እንጀራ የሚሸጡት እህቶቻችን እጃቸው ላይ ገንዘብ የሚገባበት ጊዜ። በዓመት ውስጥ ከፍተኛው ቁጠባ የሚገባው ያኔ ነው። እኔ ወባ ያዘኝ። መኖሪያዬ መተማ ዮሐንስ፣ ቢሮው ገንዳ ውሃ። ሥራው እንዳይቆም ብዬ የአባላቱን ሒሳብ የያዘውን የኤክሴል ፋይል በፍላሽ ገልብጬ ወደ ቤት ወሰድኩ። ትኩሳቱ ቀለል ሲልልኝ በራሴ ላፕቶፕ እየሠራሁ አራት ቀን ቆየሁ። በእነዚያ አራት ቀናት ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ ቢሮ ባለው ፋይል ላይ የሚመጣውን ቁጠባ ትመዘግባለች። ተመልሼ ስመጣ ፍላሹን ሰካሁና የእኔን ፋይል በቢሮው ላይ ገለበጥኩ። ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ ይተካ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩ።

በዚያች አንዲት «አዎ» የአራት ቀን ቁጠባ ከመዝገብ ጠፋ። ገንዘቡ ባንክ አለ፤ የማን እንደሆነ ግን ኮምፒውተሩ አያውቅም።

በሳምንቱ አንዲት ሻይ የምትሸጥ እህታችን ልጇን ጎንደር ሆስፒታል ልትወስድ 6,000 ብር ልታወጣ መጣች። ኮምፒውተሩ 2,500 ብር ነው ያለሽ አላት። ደብተሯ 6,100 ይላል። ከቆጣቢ እጅ ያለ ደብተርና ከማኅበር ያለ መዝገብ ሲለያዩ እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም ደብተሩን አገላብጬ የተፋቀ ነገር ካለበት ፈለግሁ፤ እሷም ስፈልግ ታየኛለች። የደረሰኝ ቀሪዎቹን አንድ በአንድ ስናስታርቅ ዋልን። ደብተሯ ትክክል፣ መዝገቡ ስህተት። እስከዚያ የጎንደሩ መኪና አመለጣትና በማግስቱ ሄደች። ልጅቷ ድናለች፤ እናትየዋ ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም።

ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ነው። ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ሲነገር ሁልጊዜ ስለ ሌባ ነው የሚነገረው። የእኛን መዝገብ ግን የነካው ሌባ አልነበረም። መዝገቡ ሁለት ሆኖ ነው የጠፋው። ፍላሽ ማለት መዝገብን ሁለት ማድረጊያ ነው። (ፋይሎቹን ሁሉ ደብቆ አቋራጭ ምልክት ብቻ የሚያሳየውን የፍላሽ ቫይረስ አልቆጠርኩም፤ እሱንም አይተነዋል።) እናታችን «መዝገብ ከቢሮ አይወጣም» ያሉት ትክክል የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ እኔ መፈለግ የነበረብኝ መዝገቡ ወደ እኔ የሚመጣበትን መንገድ ሳይሆን እኔ ወደ መዝገቡ የምሄድበትን ነው። የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን የሚባለው ይህ መንገድ ነው።

አሠራሩን በምናውቀው ነገር ላስረዳ። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገንዳ ውሃ ወረቀት ስንልክ ለመኪናው ረዳት እንሰጣለን። ወረቀቱ ክፍት ከሆነ ረዳቱም፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ያነበዋል። ወረቀቱን በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ብንከተውና ቁልፉ እኔ ቤትና ቢሮው ብቻ ቢኖር ግን ረዳቱ የሚያውቀው ሣጥኑ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ብቻ ነው። ቪፒኤን ሲበራ የእኔ ላፕቶፕና የቢሮው ራውተር መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ቁልፍ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚላላኩት ሁሉ በዚያ ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚጓዘው። ኢንተርኔቱ ያው የሁላችን ኢንተርኔት ነው። ልዩነቱ በላዩ የሚሄደው ነገር መቆለፉ ነው።

ይህ መቆለፍ ለእኛ ለጠረፍ ሰዎች ቅንጦት አይደለም። መተማ ዮሐንስ ላይ ስልካችሁ አንዳንዴ የገላባትን ወገን ኔትዎርክ ሲይዝ አይታችኋል። መልእክታችን በማን መንገድ እንደሚያልፍ ሁልጊዜ አናውቅም። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የቪፒኤን ፕሮግራሞች አንዱ የተወለደውም በዚህ ዓይነት ስጋት ነው። ጄምስ ዮናን የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ በመካከለኛው እስያ እየተዘዋወረ ከሩቅ ሆኖ ሥራውን ይሠራ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚገናኘው በማያውቃቸው አገሮች የኢንተርኔት መስመሮች እያለፈ በመሆኑ ነገሩ አሳሰበውና የራሱን ፕሮግራም ጻፈ። ኦፕን ቪፒኤን ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 አወጣው፤ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲመረምረውም ክፍት አደረገው። የእኛ ቢሮ ራውተርም የሚሠራው በእሱ ነው።

እንግዲህ በየካቲት 2015 የጫንነውና ይሄ በስም እንጂ በሥራ አይገናኙም። የመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን መድረሻው የራሳችን ቢሮ ነው። የነጻው ቪፒኤን መድረሻ ግን የማናውቀው ሰው ቤት ነው። ሣጥኑ ተቆልፎ እስከ ደላላው ቤት ይሄዳል፤ እሱ ከፍቶ በራሱ ስም ወደሚሄድበት ይልከዋል። ደላላ ደግሞ በነጻ አይሠራም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የሚባል ድርጅት ገዝቶ ነበር። የኦናቮ ነጻ ቪፒኤን «እንጠብቃችኋለን» እያለ ሰዎች ስልካቸው ላይ የትኛውን መተግበሪያ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለፌስቡክ ያሳይ ነበር። አፕል ደንቤን ጥሷል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ከገበያው አስወጣው። ይህ የታወቀ ድርጅት ያደረገው ነው፤ ስማቸውን እንኳ ማንበብ የማንችላቸውን እናንተው ገምቱ።

ላስደነግጣችሁ ግን አልፈልግም። የቴሌብርም ሆነ የባንኮቹ የስልክ መተግበሪያዎች የራሳቸው መቆለፊያ አላቸው፤ ደላላው የይለፍ ቁጥራችሁን አንብቧል ማለቴ አይደለም። የት የት እንደምትገቡ ግን ያያል። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ራሳቸው ተንኮል ያዘሉ ናቸው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱን ስልኬ ላይ ረስቼው ከርሜያለሁ፤ የማስታወቂያው ብዛት ነው ያስታወሰኝ። ስልክ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ቪፒኤን ስለማያበራ፣ ከጎንደር የመጣው ባለሙያ የቢሮውን ሲጭንልኝ መጀመሪያ ያደረገው ያንን ማጥፋት ነበር። የእናንተም ስልክ ላይ ካለ አጥፉት።

«መንግሥት የከለከለው አይደለም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያገናኙት በዚህ መንገድ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ለድርጅቶች የሚሸጠው አገልግሎት ነው። እኛ ደግሞ የምንገባው ሌላ ቦታ ሳይሆን የገዛ ቢሮአችን ነው።

አሁን ሥራ አመራር ኮሚቴው ለሙከራ በፈቀደልኝ ሁለት ወር ምን እንደተሠራ ልንገራችሁ። ቢሮው በመስመር የሚገባ ኢንተርኔት አለው። ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀን የማይለዋወጥ የኢንተርኔት አድራሻ ነው፤ አድራሻው በየጊዜው ከተለወጠ ላፕቶፔ ቢሮውን የት እንደሚፈልገው አያውቅም። ቀጥሎ ራውተሩ ላይ ቪፒኤኑን አዘጋጀ። እኔ ቤቴ ሆኜ ላፕቶፑን በስልኬ ዳታ አገናኛለሁ፤ ቪፒኤኑን አበራለሁ፤ ከዚያ የቢሮው ኮምፒውተር ገጽ እኔ ፊት ይከፈታል። ልብ በሉልኝ፤ ወደ እኔ የሚመጣው የገጹ ምስል ብቻ ነው፤ ከእኔ የሚሄደው ደግሞ የምነካካው ፊደልና ቁጥር ነው። ፋይሉ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ፒችትሪውም፣ የአባላቱ ሒሳብም እዚያው ገንዳ ውሃ ነው። ላፕቶፔ ነገ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር የማኅበሩ መዝገብ በውስጡ የለም።

ቁልፎቹስ? ሦስት ናቸው። አንደኛው የእኔ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛው ስልኬ ላይ በየሠላሳ ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነው፤ የይለፍ ቃሌን የሰማ ሰው ስልኬን ካልያዘ አይገባም። ሦስተኛው እኔ ጋ የለም። የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢያችን መግቢያዬን በማንኛውም ሰዓት መዝጋት ይችላሉ። እኔ የገባሁበትን ቀንና ሰዓት ራውተሩ ራሱ ይመዘግባል፤ ያ ዝርዝር በወር አንድ ጊዜ ታትሞ ለኮሚቴው ይሰጣል። እኔ ልሰርዘው አልችልም። ሌሊት ገብቼ ከሆነ ለምን እንደገባሁ እጠየቃለሁ። መጠየቄ አይከፋኝም፤ ሒሳብ ሠራተኛን የሚጠብቃት የሚጠይቃት ሰው መኖሩ ነው።

በመጀመሪያው ወር መንገድ ተዘግቶ ሦስት ቀን መተማ ዮሐንስ ስቀር ከቤቴ ሆኜ የብድር ዝርዝሩን ጨርሼ ላክሁ። ገንዘብ ተቀባይዋም በዚያው ፋይል፣ በዚያው ቀን ቁጠባ ስትመዘግብ ነበር። ቅዳሜ ስንቆጥር አንድ ብር አልተለያየም። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከኅዳሩ በኋላ ያን ቅዳሜ ማታ ነው ደህና እንቅልፍ የተኛሁት።

ቪፒኤን የማያደርገውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ነገ እኔኑ ትወቅሱኛላችሁ። ላፕቶፔ ላይ ቫይረስ ካለ የተቆለፈው መንገድ ቫይረሱንም ይዞ ሊያስገባ ይችላል። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በዚሁ ላፕቶፕ ጌም ይጫወታል፤ ይህ መቆም አለበት፤ በልመና ግን አልቆመም። መብራት ሲጠፋም የቢሮው ኮምፒውተር ስለሚጠፋ እኔ የማንኳኳው ባዶ ቤት ነው። ኢንተርኔት ሲዘጋማ ጭራሽ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ የሠራነው በእጅ መዝገብና በደረሰኝ ነው። መንገድ ከሌለ የተቆለፈ ሣጥንም አይሄድም። ስለዚህ «ኮምፒውተር ገባ» ብላችሁ ደብተራችሁን እንዳትጥሉ። በኅዳር ያዳነን የእህታችን ደብተር ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ባለሙያው የቢሮውን ኮምፒውተር ሲያይ አራት መግቢያ አገኘ። እኔና ገንዘብ ተቀባይዋ ሁለት ነን። ሦስተኛው ከእኔ በፊት የነበረችው ሒሳብ ሠራተኛ መግቢያ ነው፤ እሷ ከሄደች ሦስት ዓመቷ። አራተኛው አንድ ጊዜ ሥልጠና ሊሰጥ ለመጣ ሰው የተከፈተ ነው። የሁሉም የይለፍ ቃል አንድ ነው፤ እሱም ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የቢሮው ስልክ ቁጥር! ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ፤ በኋላ ግን ደነገጥኩ።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለምሥራቅ አሜሪካ ነዳጅ የሚያስተላልፈው ኮሎኒያል ፓይፕላይን የሚባለው ትልቅ ኩባንያ በሰርጎ ገቦች ተመትቶ ቱቦውን ለቀናት ዘጋ፤ ነዳጅ ማደያዎች ተሰለፈባቸው፤ ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሰርጎ ገቦቹ ከፈለ። ሰዎቹ የገቡት በምን ይመስላችኋል? በቪፒኤን ነው። ማንም የማይሠራበት፣ ሳይዘጋ የተረሳ አንድ አሮጌ መግቢያ ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ቀድሞ አፈትልኮ ወጥቷል፤ እንደ እኔ ስልክ ያለ ሁለተኛ ቁልፍም አልነበረውም። እኛ የነዳጅ ቱቦ የለንም። ግን ከሣጥናችን ሦስት ቁልፎች አንዱ ከማኅበሩ በወጣች ሴት እጅ ቢቀር ያን ቀን ማታ ነው ጓጉንቸሩን የምንቀይረው። ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ዓመት ዝም አልን።

በመዝገቡ ውስጥ ያለው ደግሞ ብር ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ በኩል ከተመለሱት እህቶች አንዳንዶቹ ዛሬ አባሎቻችን ናቸው። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ የት እንደሚኖሩ፣ ምን ያህል እንደተበደሩ ሁሉ እኛ ጋ አለ። ከባሏ ደብቃ የምትቆጥብም አለች፤ ለምን እንደምትደብቅ አንጠይቃትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዛል። አዋጁ ባይኖርም እነዚህ ሴቶች ስማቸውን የሰጡን አምነውን ነው።

ስለዚህ ከጉባኤው የምጠይቀው የሙከራው ፈቃድ እንዲጸና፣ ሁለቱ አሮጌ መግቢያዎች ዛሬውኑ እንዲዘጉ ነው። የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባልኝ፤ ማንኛዋም ሠራተኛ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሥራ በለቀቀች ቀን መግቢያዋ ከመሸኛ ደብዳቤዋ በፊት ይዘጋ።

ደጋፊዎቻችንን ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግር። የወፍጮና የልብስ ስፌት መኪና ስትሰጡን ፎቶ አንሥታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ያምራልም። አሁን የምጠይቃችሁ ፎቶ የማይነሣ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩንና ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ፣ ለሥራ ብቻ የሚሆን አንድ ላፕቶፕ፣ የማይለዋወጠው አድራሻ የዓመት ክፍያ። ዋጋቸውን ከሪፖርቱ ጋር አያይዤዋለሁ። ላፕቶፑ ሲመጣ ልጄ እንደማይነካው እዚሁ በእናንተ ፊት ቃል እገባለሁ።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አደርገዋለሁ። ቢሮው ተቆልፏል፤ ቁልፉ በገንዘብ ተቀባይዋ እጅ ነው፤ እሷም እናንተው መሃል ተቀምጣለች። እኔ ከዚህ ሆኜ እገባለሁ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡና የእያንዳንዳችሁን ሒሳብ ለየብቻ እናመሳክራለን፤ የሌላዋን ማንም አታይም። መጀመሪያ የሚታየው ባለፈው ጉባኤ የተቃወሙኝ የእናታችን ደብተር ነው። ጠዋት ጠይቄአቸው «እሺ» ብለውኛል። መነጽራቸውንም ይዘው መጥተዋል።